ሁለት ጓጉንቸር ያለው በር

ከአውቶቡስ ወርጄ የኮቴን አቧራ እንኳ ሳላራግፍ አንዲት ሴት መጥታ ገጨችኝ። አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ቀሚሷ ላይ ቁርጥራጭ ክር ተለጣጥፏል፤ የአንድ እግሯ ጫማ የለም። ይቅርታ ማለቱን ትታ እጇን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ ዘረጋችና፣

«ጌታዬ፣ ይህን የምታህል ልጅ አላዩም? ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ለሁለት ተጎንጉኗል፤ አምስት ዓመቷ ነው» አለችኝ።

«አላየሁም እህቴ። ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋችው?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመስኮት አይቻታለሁ። ባዶ የክር ማጠንጠኛ እያንከባለለች ትጫወት ነበር። አንድ እጅጌ ገጥሜ ቀና ስል የለችም።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። እኔም የመጣሁት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ ያደረ ጥርሴን በጤና ጣቢያው ላስነቅል ስለነበር ጠባዬ ደህና አልነበረም። «ለፖሊስ አልነገራችሁም?» አልኳት ቆጣ ብዬ።

«ነግረናል። መጥቶ ጻፈና ሄደ፤ አሁን በመናኸሪያው በኩል እየፈለገ ነው። የኛም ሰዎች ቤት ለቤት ፈልገዋል፤ ጣራ ላይ ሳይቀር ወጥተዋል።»

«በዚያ በኩልስ?» አልኩና ከመንገዱ ማዶ ወዳሉት ቤቶች ጠቆምኩ።

ፊቷን አዞረች። «ሁለት ጊዜ ተሻግሬ ነበር። ‹ከኮሚቴያችሁ ደብዳቤ ይምጣ› ብለው በር ዘጉብኝ። ስመለስ የኛዎቹም ‹ማን ተሻገሪ አለሽ? ደንብ አፈረስሽ› ብለው ተቆጡኝ።» ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችኝ። «እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ የማንም ወገን አይደሉም። በሚወዱት ይሁንብዎ፣ እርስዎ ገብተው ይጠይቁልኝ። እርስዎን አያባርሩም።»

እሺ ብዬ መንገድ ጀመርኩ። ግን ተናድጄ ነበር። እናት ሃያ እርምጃ ተሻግራ ልጄን አያችሁ ወይ ብላ ለመጠየቅ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ የምትልክበት ሰፈር ምን ዓይነት ሰፈር ነው?

እውነቱን ለመናገር ለሰፈሩ እንግዳ አልነበርኩም። ድሮ አንድ የሽመና ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ሁለት ረድፍ ቤት ሠርቶ ነበር፤ እኔም በፋብሪካው ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሰዎቹ ቀሩ። በላይኛው ረድፍና በታችኛው ረድፍ መካከል አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ መንገዱ መሐል ላይ ደግሞ ሁለቱም ረድፍ ውሃ የሚያገኝበት የፓምፕ ቤት አለ። ውሃው ለሁለቱ ባንዴ አይበቃም። ከስድስት ዓመት በፊት በውሃ ተራ ተጣሉና አንዱ ሌላውን በአካፋ ፈነከተው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁለት ኮሚቴና ሁለት ማህተም አለው፤ በፓምፕ ቤቱ የብረት በር ላይም ሁለት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት የሁለቱ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይከፍታሉ፤ ውሃውን ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ያዞሩና መልሰው ይቆልፋሉ። በቤቱ ዙሪያ በአምስት እርምጃ ርቀት ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ ከሁለቱ ሰዎች በቀር ያንን መስመር የሚያልፍ የለም። ያን ቀን ረቡዕ ነበር።

ሴትዮዋ የታችኛው ረድፍ ስለሆነች የላከችኝ ወደ ላይኛው ነው፤ የላይኛው ረድፍ ሰብሳቢ የድሮ ወዳጄ ናቸው። በፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። አንዲት ጠመኔ ለመውሰድ ሦስት ቦታ ያስፈርሙኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፊርማ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ጭምር። እሳቸውም አይከፉበትም፤ እንዲያውም የሚኮሩበት ይመስለኛል።

ስገባ በቤታቸው የፊት ክፍል፣ ቢሮ ባደረጉት ጠረጴዛ ኋላ ቁጭ ብለዋል። ከፊታቸው የወንድማቸው ልጅ ቆማለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋወኗን ሳታወልቅ ከሥራ ሮጣ እንደ መጣች ያስታውቃል።

«መምህር! እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው!» አሉ ጋሽ ፊርማ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ይቀመጡ፤ ይቀመጡ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። የታችኛው ረድፍ ይህን ደብዳቤ ላከልን። ይመልከቱት፤ ቁጥር የለው፣ ቀን የለው። ማህተሙም ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ወረቀት እንዴት አድርጌ ነው ገቢ የማደርገው?»

ደብዳቤውን ተቀብዬ አየሁት። «ጉዳዩ፦ ስለ ጠፋች ሕፃን» ይላል። «ሕፃኗ በእናንተ ረድፍ ታይታ እንደሆነ በአንቀጽ አራት መሠረት በጽሑፍ እንድታሳውቁን» ይላል። ከታች የመካኒኩ ፊርማ አለ፤ መካኒኩ የታችኛው ረድፍ ሰብሳቢ ነው።

«ጋሼ» አለች የወንድማቸው ልጅ ድምፅዋን ለመግዛት እየታገለች፣ «ሕፃን ልጅ ከጠፋች አራት ሰዓት ሊሞላ ነው። እርስዎ ስለ ማህተም ያወራሉ?»

«እኔ ዝም አልኩ? ሦስት የኮሚቴ አባላት አስጠርቻለሁ፤ ሲሟሉ እንሰበሰባለን፤ መልስ እንጽፋለን። ደግሞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ወሬውን እንደ ሰማሁ ረድፋችንን በሙሉ አስፈትሻለሁ። ነገ ‹ደብቃችሁብናል› እንዳይሉን እያንዳንዱ አባወራ ‹በቤቴ የለችም› ብሎ ፈርሟል። ይኸው ወረቀቱ።»

«የፈተሻችሁት ልጅቷን ለማግኘት ነው ወይስ እንዳትወቀሱ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልጅቷን የሚፈልግ ሰው ሄዶ እናቷን ይጠይቃል፤ ምን ትወዳለች፣ ወዴት ትሄዳለች፣ ምን ትፈራለች ይላል። እንዳይወቀስ የሚፈትሽ ግን አልጋ ሥር አይቶ ይፈርምና ይቀመጣል።»

ጋሽ ፊርማ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። አውቃቸዋለሁ፤ መነጽር ሲያወልቁ ከልባቸው ሊናገሩ ነው።

«ልጄ፣ ስሚኝ። እኔ ይህን ደንብ ያወጣሁት ለወረቀት ፍቅር አይደለም። ያ በአካፋ የተፈነከተው ሰው የወደቀው እዚህ ደጄ ላይ ነው። ደሙን ያጠብኩት በነዚህ እጆቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልተመታም። ለምን? ሰው ከሰው ጋር በአፉ ሲነጋገር ይሰዳደባል፤ ሲሰዳደብ ይማታል። በጽሑፍ ሲሆን ግን ብስጭቱ እስኪበርድለት ያስብበታል። አንቀጽ አራት ‹በሁለቱ ረድፎች መካከል ማንኛውም ጉዳይ በኮሚቴ በኩል በጽሑፍ ካልሆነ በቀር በቃል አይተላለፍም› የሚለው ለዚህ ነው። ወይስ ተሳስቻለሁ መምህር?»

ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ነበር። እንዲህ ያለውን ክርክር ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የተሳሳተ ሰው ግማሹ እውነት ሲሆንበት እውነቱን ይዞ ይቆምና ስሕተቱን አያይም። በኔ ፈንታ የመለሰችላቸው የወንድማቸው ልጅ ናት።

«ለውሃው ልክ ነዎት ጋሼ። እኔም ብሆን ለውሃ ከዚህ የተሻለ አላወጣም። ውሃ እስኪጻፍለት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። ልጅ ግን አትጠብቅም። የናንተ ጥፋት ለውሃ ያወጣችሁትን ደንብ ለሰውም ማድረጋችሁ ነው።»

«ደንብ አንዴ ቀዳዳ ካበጁለት አለቀለት። ዛሬ ለልጅ ብለሽ ትቀጅዋለሽ፤ ነገ ለጠፋ ዶሮ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለውሃው ራሱ።»

«የልጅና የዶሮ ልዩነት የጠፋበት ሰፈር ከሆነማ ደንብም አያድነው።»

«አፍሽን ያዢ!» አሉ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ የማህተሙ ሣጥን ተንገጫገጨ። ቀጥለው ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔን ስለ ጠፋ ሰው ታስተምሪኛለሽ? የኔዋ የጠፋች ቀን እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? መምህር፣ እርስዎ አልሰሙ ይሆናል። ባለቤቴ በመጨረሻው ዘመኗ የመርሳት በሽታ ይዟት ድሮንና ዛሬን ትቀላቅል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ በዝናቡ ወራት በር ተከፍቶ አገኘችና ወጣች። በታችኛው ረድፍ ደጃፍ ነው ያለፈችው። አይተዋታል! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ በዚህ ሄደች አላለኝም። እኔ እሷን ፍለጋ ወደ ወንዙ ስወርድ፣ ወደ ገበያው ስሮጥ ዋልኩ። ሲመሽ በዝናብ ርሳ ከጡብ ፋብሪካው አጥር ሥር ተገኘች። በስምንተኛው ቀን ቀበርኳት። በማግስቱ ደግሞ፣ በጠፋች ማግስት ማለቴ ነው፣ ደብዳቤ ላኩልኝ። ፌዛቸውን በማህተም!»

ከውጭ አንድ ነገር ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፤ ያኔ ልብ አላልኩትም።

የወንድማቸው ልጅ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ፋይሎቹ በዓመተ ምሕረት ተደርድረዋል፤ የምትፈልገውን ለማግኘት አልተቸገረችም። አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህ ፌዝ አይደለም ጋሼ። ያንብቡት። ‹ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤትዎ ወደ ጡብ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ሲሄዱ መታየታቸውን በአንቀጽ አራት መሠረት እናሳውቃለን።› ያየቻቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ወዲያው ልትነግርዎ ተነስታ ነበር። ጎረቤቶቿ ‹በቃል ክልክል ነው፤ ኮሚቴው ይጻፍ› ብለው ያዟት። መካኒኩ ከሥራ እስኪመለስ ጠበቁ። ተሰበሰቡ፤ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ጻፉ፤ ማህተም መቱ። እስከዚያ መሸ። ደብዳቤውን በማግስቱ ላኩ። እርስዎ በደነገጉት መሠረት ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ራሷ። ደሟን ለማስመርመር መጥታ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም ልነግርዎ ጀምሬ ነበር፤ ‹የታችኛውን ረድፍ ወሬ ቤቴ አታስገቢ› አሉኝ። አስታወሱ?»

ጋሽ ፊርማ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን አነሱት፤ አስቀመጡት፤ እንደገና አነሱት። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት አንዲት ሚስማር ያልጎደለባቸው ሰው ምን እንደ ጎደለባቸው ገና አሁን ማየት ጀምረዋል። እኔ ላዝንላቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ጊዜ አልነበረንም።

«ልብስ ሰፊዋ የዛሬዋ ልጅ እናት ናት» አልኳቸው። «አሁን መንገዱ ዳር ቆማለች። የላከችኝ እሷ ናት።»

ወረቀቱን እንደያዙ፣ «ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ። «ልጅቷ በረድፋችን የለችም። እመኑኝ፣ ብትኖር ትገኝ ነበር።»

«በታችኛውም የለችም፤ ጣራ ላይ ሳይቀር ወጥተዋል» አልኩ። «መሐሉን ማን ፈለገው?»

«የቱን መሐል?»

«መንገዱን፣ የፓምፕ ቤቱን።»

«የፓምፕ ቤቱን!» ትንሽ ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው። «መምህር፣ ሁለት ጓጉንቸር ያለበት ቤት እኮ ነው። ጉንዳን አይገባበትም። ለፖሊሱም እኛም እነሱም ይህንኑ ነው የነገርነው፤ አምኖ ሄደ።»

የወንድማቸው ልጅ ፊት ሲለወጥ አየሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ስንት ሰዓት ከፈታችሁት?»

«ሦስት ሰዓት ከአምስት። ሦስት ሰዓት ከሃያ ቆለፍነው። መዝገብ ላይ ሰፍሯል።»

«በሩ ክፍት ሳለ ደጁ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም። እኔና መካኒኩ ውስጥ ማዞሪያው ላይ ነበርን።»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም እንጂ! እሱን ብቻውን ብተወው ሩብ ዙር ለራሱ ረድፍ አስቀርቶ ይወጣል። እሱም እኔን እንደዚያው ነው የሚያስበኝ። ዓይኔን ከእጁ አላነሳም፤ እሱም ከኔ እጅ አያነሳም።»

«ስትወጡስ? ከመቆለፋችሁ በፊት ውስጡን ያየው ማነው?»

ጋሽ ፊርማ አፋቸውን ከፈቱ። «እኔ የሱን ጓጉንቸር...» አሉ። «እሱ ደግሞ የኔን... በደንብ መቆለፉን ጎትቶ...» ቆሙ። «ውስጡን?»

ያን ጊዜ ነው የሚያጉረመርመው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ። የፓምፑ ሞተር ነው። ውሃው ከተዞረበት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ሰው እስከ አምስት እርምጃ አይጠጋውም። ሕፃን ልጅ እዚያ ውስጥ ብትጮኽ ማን ይሰማታል?

ጋሽ ፊርማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከመቀመጫቸው እንዴት እንደተነሱ፣ ቁልፉን ከኪሳቸው መቼ እንዳወጡት አላየሁም። የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጡ። እኔና የወንድማቸው ልጅ ስንከተላቸው ቀዩን መስመር አልፈው የራሳቸውን ጓጉንቸር ከፍተዋል። ሁለተኛው ግን እንደተቆለፈ ነው። በሩን በጡጫቸው ደበደቡ፤ ጆሯቸውን ለጠፉበት፤ ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ጆሯቸውን ስላቃጠላቸው ወደ ኋላ ተፈናጠሩ። ከዚያ ወደ ታችኛው ረድፍ ዞሩና ስድስት ዓመት ሙሉ ያልረገጡትን መንገድ ተሻግረው እየሮጡ፣

«አንተ መካኒክ! መካኒክ! ቁልፍህን ይዘህ ና!» ብለው ጮኹ።

በሮች ተከፈቱ። ሰው ወጣ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከአንድ ጭነት መኪና ሥር ብቅ አለ፤ የሚያየውን ማመን አልቻለም።

«ለደብዳቤያችን መልስ ይዘው ነው?» አለ።

«ልጅቷ እዚያ ውስጥ ናት! እኔና አንተ ነን የቆለፍንባት!»

መካኒኩ ዞሮ ወደ ፓምፕ ቤቱ ተፈተለከ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ሲሮጥ የቁልፎቹ ዘለበት በቀበቶው ላይ ይንጫጫል፤ ደርሶ ሲሞክር ቁልፉ አልገባለት አለ። ሁለተኛ ሞከረ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላችን ደርሳ ነበር፤ አልጮኸችም፤ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር በሁለት እጇ ጨብጣ ቁልፉን ብቻ ታያለች። ጋሽ ፊርማ የመካኒኩን እጅ አንጓ ያዙና አረጋጉለት። በሦስተኛው ተከፈተ።

ከውስጥ የወጣው ወበቅ ፊት ይገርፋል። መካኒኩ ሞተሩን አጠፋው። ልጅቷ ከማዞሪያው ኋላ፣ ግድግዳውና ወፍራሙ ቧንቧ በሚገናኙበት ጥግ ተኮራምታ ተኝታለች፤ ጉንጯን ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ አስደግፋለች፤ ስታንከባልለው የነበረው የክር ማጠንጠኛ አጠገቧ ወድቋል። ቢጫ ቀሚሷ በላብ ርሷል። ጋሽ ፊርማ አቅፈዋት ሲወጡ እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው ነበር፤ ያን ሳይ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጥላ ወዳለበት! እዚህ አስተኟት! ዞር በሉ፣ አየር ስጧት!» የጋሽ ፊርማ የወንድም ልጅ ድምፅ ነው። የሕፃኗን አንገት ዳሰሰች። ያ ሁሉ ሰው፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ትተነፍሳለች» አለች። «ውሃ አምጡ፤ ብዙ ውሃ፤ ጨርቅ!»

ከሁለቱም ረድፍ በባልዲ፣ በጆግ፣ በድስት ውሃ መጣ። ለስድስት ዓመት ሲጣሉበት የኖሩት ውሃ ነው፤ ማን የማንን ተራ እንደነካ የጠየቀ የለም። ጨርቅ እያራሱ ደረቷንና እግሮቿን አቀዘቀዙት። ምናልባት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለኔ ግን ግማሽ ቀን መሰለኝ። በመጨረሻ ዓይኖቿን ገለጠች፤ እናቷን ፈለገች፤ አገኘቻት።

«እማ» አለች በተሰነጣጠቀ ድምፅ፣ «ጠራሁሽ እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ ልጇ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

ሕፃኗን ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ መካኒኩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ጋሽ ፊርማም አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ ቀዩ መስመር ላይ ነው የተቀመጡት፤ ልብ ያሉት አይመስለኝም።

«እኔ የእርስዎን እጅ ነበር የማየው» አለ መካኒኩ።

«እኔም ያንተን» አሉ ጋሽ ፊርማ። «ሁለት ሰው ቆመን አንድም ዓይን አልነበረንም።»

በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ ረድፎች ባንድነት ተሰበሰቡ፤ እኔንም ጠርተውኝ ነበር። ጋሽ ፊርማ ተነስተው አንቀጽ አራት እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። አንድ ሽማግሌ፣ «ያኔ እንደገና መፈነካከት ይመጣል» ብሎ ተቃወመ፤ ልክ እሳቸው ባለፈው ረቡዕ የተናገሩትን ነው የደገመው።

«ወንድሜ፣ ይህን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚከራከርለት ሰው ቢያስፈልግ ከኔ የተሻለ አይገኝም» አሉ። «ለውሃው ይቆይ። ማዞሪያው ይጻፍ፤ ተራው ይፈረምበት። የሰው ነገር ግን በአፍ ይነገር፤ በሩጫ ይነገር። እኛ ድንበር የሠራን መስሎን ሁለታችንም የማናየው ቦታ ነው የሠራነው። ልጅቷ የገባችው እዚያ ውስጥ ነው። ነገ የማን ልጅ እንደምትገባ የሚያውቅ አለ?»

የሚያውቅ አልነበረም። አዲሱ ደንብ አንድ መስመር ሆነ፤ ጋሽ ፊርማ በሕይወታቸው ከጻፉት ሁሉ አጭሩ ነው ብለው ይቀልዱባቸዋል፦ ሰው ሲጠፋ ያየ ይናገር፣ የሰማ ይውጣ። ሰው ሲጠፋ ሁለቱ ረድፎች ተደባልቀው፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች እየሆኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይፈልጋሉ፤ መጀመሪያ የሚፈተሸውም ሁሉም «እዚያ አትኖርም» የሚለው ቦታ ነው። የፓምፕ ቤቱ ከመቆለፉ በፊት ሦስተኛ ሰው ገብቶ ጥግ ጥጉን ያያል። ከዚያ ወዲህ የመካኒኩ የእህት ልጅ ጠፍታ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተገኝታለች፤ ያየቻት የላይኛው ረድፍ ሴት ናት፤ እጇን ይዛ ነው ያመጣቻት። ምጥ የያዛትን ሴት ሌላው ረድፍ በመኪናው አድርሷታል። በውሃው ዛሬም ይጨቃጨቃሉ፤ አልዋሽም፤ ባለፈው ቅዳሜ እንኳ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀዋል። ግን ሲጨቃጨቁ አንዱ ለሌላው ልጅ ወንበር ይሰጣል። አንባቢዬ፣ በሰፈርህም እንዲህ ያለ መስመር ካለ፣ ከወዲያ ያለውን ሰው ውደደው አልልህም፤ መውደድ በደንብ አይታዘዝም። ያየኸውን ግን ንገረው፤ ከወዲያ ሆኖ የሚጠራህንም ስማው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የኮቴን እጅጌ ስትጠግንልኝ ከሱቋ ተቀምጬ ነበር። ልጇ የስፌት መኪናው ሥር የወደቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። ጋሽ ፊርማ መጡና ደጁ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብትላቸው አልገቡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አሉ። «ያን ቀን... የኔዋን ስታያት፣ አናግራሽ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን አቆመች። «አዎ፣ ጋሼ። ሰላም ብለውኛል። ‹ወዴት ነው እትዬ በዚህ ዝናብ?› አልኳቸው። በእጃቸው ሳህን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ‹እዚያ ዕቃ ቤቱ ምሳውን ሳይበላ ቀረ፤ ላደርስለት ነው› አሉኝ።»

የሽመና ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ያለው በጡብ ፋብሪካው መንገድ ነው። ጋሽ ፊርማ ከተጦሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ያን ቀን እሳቸው ወደ ወንዙ ወርደው፣ ወደ ገበያው ሮጠው ነበር። በዚያ መንገድ መፈለግ አላሰቡም።

«ወደኔ ነበር የምትመጣው?» አሉ።

«ወደ እርስዎ ነበር።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ እሷም ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ ከሷ ደጃፍ እስከሳቸው ደጃፍ በእግሬ ለካሁት። ሃያ አንድ እርምጃ ነው፤ ያቺ ቃል ይህን ለመሻገር ሁለት ዓመት ፈጀባት።